መጥፎ ወሬ ሳይፈሩ የሚነግሯችሁ ሐኪም ሁኑ

ዘንድሮ የተመረቃችሁም ሆነ ገና ኢንተርን የሆናችሁ፣ ማለት በመጨረሻ ዓመታችሁ ሆስፒታል እየሠራችሁ የምትማሩ ልጆች የምታመጡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ጣና ዳር በእግር ስንሄድም፣ ቡና ለመጠጣት ስንቀመጥም ዞራችሁ ዞራችሁ እሱኑ ታነሣላችሁ። «ስፔሻላይዝ ላድርግ ወይስ ሕብረተሰብ ጤና ልግባ?» ነው። ውስጡን ስሰማው ግን «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ወረቀት ሳገላብጥ ልኑር ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። አይፈረድባችሁም። ቤተሰብም እንደዚያው ያስባል። ልጃቸው ጋውን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ የሳምንት ሪፖርት ሲያነብ ቢያዩት ግን «ምን አጥፍቶ ነው እዚህ የጣሉት?» ይላሉ።

እኔ በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ድንገተኛ ክፍል ቆሜ አድሬያለሁ፤ ወረርሽኝ ገባ ሲባልም መኪና ላይ ተጭኜ ገጠር ወርጃለሁ። ሁለቱን አይቼ የደረስኩበትን በግልጽ ልንገራችሁ። ሆስፒታል በር ላይ ስትደርሱበት የምታዩት ወረርሽኝ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት የሞሉት ነው። ከእናንተ በፊት አንድ ሰው አይቶታል። ጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች፣ የገጠር አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ጸበል ቦታ ሰው የሚያስተናግድ ዲያቆንም ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙያ ከምንም በላይ የምትፈልጉት ችሎታ ያ ሰው ሳይፈራ፣ ሳያፍር፣ በጊዜ እንዲደውልላችሁ ማድረግ ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ ስላላየሁ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ።

የሙያው ታሪክ ከደጃችን እንደሚጀምርም እወቁ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ደንቢያ ሜዳ ላይ ወባ ገብቶ ሺዎችን ጨረሰ። ጎንደር ላይ የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒተሪ ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ታስቦ ነው ትምህርቱ የተቀረጸው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል፣ ወባ እንደገና ደጋውን ጭምር መታው። በአገር ደረጃ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ያኔ ከመንደር ተነሥቶ ሐኪም ጋ የሚደርስ የሳምንት ቁጥር አልነበረም። ሰው አልቆ ነው የተሰማው።

አሁን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ልውሰዳችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ አዲስ ዘመንን ታልፋላችሁ፤ የሊቦ ከምከም ወረዳ ዋና ከተማ ነች። በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚያና ፎገራ አካባቢ ሰው በትኩሳት ይታመም ጀመር። የወባ አገር ስለሆነ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል። አይሻለውም። ሌላ ይጨመርለታል፤ አሁንም አይሻለውም። ሰውየው እየከሳ ይሄዳል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ሆዱ በግራ በኩል ጣፊያው እስኪዳሰስ ድረስ ያብጣል። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ሲጣራ ግን ካላዛር የሚባለው፣ ካልታከመ የሚገድል የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ያን በሽታ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው የሑመራና የመተማ ቆላ በሽታ አድርጎ ነበር። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ቦታ ማን ይጠብቀዋል? ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ይታመናል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና ግራር ሥር አይጠፋም፤ ፎገራና ሊቦ ውስጥ ይህ ሁሉ ሞልቷል። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከ2000 በላይ ሰው ታከመ።

ይህን ታሪክ ለእያንዳንዱ ተማሪ የምነግረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አንድ በሽተኛ ፊታችሁ ሲቀመጥ ወባ ነው ብትሉ ያስኬዳል፣ ትክክል የመሆን ዕድላችሁም ሰፊ ነው። «ለወባ ታክሞ ያልተሻለው» የሚል ዝርዝር ይዛችሁ ሃያ ሰው ብትመዘግቡና አድራሻቸውን ብታዩ ግን፣ ሁሉም ከሦስትና ከአራት ቀበሌ መሆናቸው ይገለጥላችኋል። የመንደር እናቶች ደግሞ «ይሄ የዱሮው ወባ አይደለም» ማለት የሚጀምሩት ከላብራቶሪው ቀድመው ነው። ላይን ሊስት የምንለው ያ አሰልቺ ሠንጠረዥ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ጎጥ፣ የታመመበት ቀን፣ ከየት እንደተመለሰ፣ እሱ ነው አንድ ሐኪም ብቻውን ማየት የማይችለውን የሚያሳየው። ስለዚህ ወረቀት ማገላበጥ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ገጠር ጤና ኬላ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የወባ መከታተያ ቻርት ተለጥፎ ታገኙ ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። ያለፉትን አምስት ዓመታት የዚያን ሳምንት የወባ ቁጥር ትወስዳላችሁ፤ ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛውን ትመርጣላችሁ፤ ለ52ቱም ሳምንት እንዲህ እያደረጋችሁ ነጥቦቹን ታገናኛላችሁ። ያ የማስጠንቀቂያ መስመር ይባላል። የዘንድሮው መስመር እሱን ካለፈ ሰኞን ሳትጠብቁ ትነሣላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእስክሪብቶ የምታስምረው መስመር ስንት ቤተሰብ እንደሚያድን አስቡት። ግን ቻርቱ ላይ የመጨረሻው ነጥብ ከሁለት ወር በፊት የገባ ከሆነ፣ ወይ ለእንግዳ ሲባል ትናንት ማታ በአንድ ቀለም ተሞልቶ ካገኛችሁት፣ እዚያ ቀበሌ ማንም የማይጠይቃት ሠራተኛ እንዳለች ተረዱ። መጀመሪያ ሄዳችሁ እሷን አናግሯት።

መመሪያው ጥሩ ነው። የሕብረተሰብ ጤና አደጋ አያያዝ ሥርዓቱ በ2001 ዓ.ም. እንደ አዲስ ሲዋቀር ወዲያው የሚነገሩና በየሳምንቱ የሚነገሩ በሽታዎች ተለዩ። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ የሚያጠራጥር ድንገተኛ የእግር ሽባነት፣ የእብድ ውሻ በሽታ የመሳሰሉት በታዩ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደሚቀጥለው ደረጃ መድረስ አለባቸው። ወባ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ (በቅማል የሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳት) እና ማጅራት ገትር በየሳምንቱ ይቆጠራሉ። ምንም ከሌለም «ዜሮ» ተብሎ ይላካል፤ ዜሮ ማለትና ዝም ማለት ይለያያልና። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው።

መሬት ላይ ሲሆን ግን ፍርሃት አለ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ቀን ኩፍኝ የሚመስል ሽፍታ ያለባቸው ልጆች አይታ በላይዋ ላለው ኃላፊ ደወለች። ሰውየው የመለሰላት «ክትባቱን ጨርሻለሁ ብለሽ ሪፖርት አላደረግሽም ወይ?» ብሎ ነው። ጮኸባት። ቀጥሎ የመጡትን ልጆች መዝገቧ ላይ ጻፈች እንጂ አልደወለችም። እኛ የሰማነው አንድ እናት ሳንባው የተመታ ሕፃን አዝላ ከተማ ድረስ ስትመጣ ነው። መዝገቡን ሄጄ ሳየው ሁሉም ነገር በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ስም፣ ቀን፣ «ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ ዓይን መቅላት»። ልጅቷ ሥራዋን ሠርታለች። የጠፋው ስልኩን አንሥቶ በመልካም የሚሰማት ሰው ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ ስልክ ስታነሡ አፋችሁ ላይ የሚቀድመው ቃል «እግዜር ይስጥሽ፣ እንኳን ደወልሽ» ይሁን። ከዚያ ስንት፣ የት ጎጥ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የሞተ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ክትባቱ ለምን ዝቅ አለ የሚለው ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይ። በዚያው ቀን ደግሞ መልሳችሁ ደውሉ። ውጤት ባይኖራችሁም «ናሙናው ሄዷል፣ ነገ እንመጣለን» በሏት። ብዙ ጊዜ የተጠረጠረው ነገር ምንም ሳይሆን ይቀራል፤ ያኔም አመስግኗት። አሥር ጊዜ በከንቱ ብትሄዱ ነዳጅ ነው የባከነው። ያልተደወለውን አንዱን ስልክ ግን በምንም አትመልሱትም።

ጸበል ቦታም እንደዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ሲነሣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከየአገሩ መጥቶ አንድ ቦታ ያድራል፤ መጸዳጃው አይበቃም፣ ውኃው አንድ ነው፣ ጎርፍ አለ። ከተማ ያደገ ወጣት ሐኪም እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ በመጀመሪያው ቀን ማዘዝ ይቃጣዋል። ተው። መጀመሪያ አባቶችን ፈልጋችሁ፣ መስቀል ተሳልማችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ አማክሩ። የሚጠጣው ውኃ እንዲታከም፣ መጸዳጃው ራቅ ብሎ እንዲቆፈር፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሳይሸሸግ እንዲነገር አባቶች ከቅዳሴ በኋላ አንዴ ቢናገሩ፣ የእናንተ ሜጋፎን ሳምንት ሙሉ ቢጮህ አይተካውም። ይህን በማክበር አድርጉት፤ ሰው በእምነቱ የመጣበት ቦታ ነው።

ኮሌራን ካነሣሁ ሒሳቡንም ልንገራችሁ፤ ዝግጅት ስንል ሒሳብ ማለታችን ነውና። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ሆኖ፣ የደም ሥሩ ምት ጠፍቶ ሲመጣ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። 5 ሊትር ማለት ነው፣ ያውም በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ላይ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። አንድ መርፌ አይበቃም፤ በሁለት እጅ ነው የሚገባው። ሃያ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት ቢመጣ 100 ሊትር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ብቻ። መጋዘናችሁ ውስጥ ስንት አለ? ግሉኮሱን አትቁጠሩት፣ እሱ አይተካውም። በጊዜ የታከመ የኮሌራ በሽተኛ ከመቶ አንድ እንኳ መሞት የለበትም፤ ያልታከመ ከባድ በሽተኛ ግን ግማሹም ሊሞት ይችላል። ያን ልዩነት የሚያመጣው ታላቅ ስፔሻሊስት ሳይሆን የተቆጠረ ካርቶንና መጠጣት ለሚችለው ሁሉ በጊዜ የተበጠበጠ ኦአርኤስ፣ ማለት የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው።

ግርሻም አለ፣ ብዙ ሰው የዱሮ በሽታ ይመስለዋል። ክረምት ላይ የቀን ሠራተኛውም፣ የአብነት ተማሪውም በብርድ ተቃቅፎ ሲያድር ቅማል በልብሱ ስፌት ውስጥ ይዛመታል፤ በሽታው አብሮ ይመጣል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ግን የመጀመሪያውን መርፌ ከሰጣችሁ በኋላ በሽተኛው ሰዓታት ሳይቆይ ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊጨምር፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ሪንገር አስቀድማችሁ ከፍታችሁ ቆዩ፤ መርፌ ወግታችሁ አትሂዱ። ልብሱንም አፍሉ፣ አለበለዚያ ያው እንግዳ ተመልሶ ይመጣል።

ድንገተኛ ክፍል ለምትገቡ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጠዋት ስትገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ ኦክስጅኑን በእጃችሁ ንኩት። ሲሊንደሩ ቆሟል ማለት ሞልቷል ማለት አይደለም። መለኪያውን አንብቡ። መክፈቻ ቁልፉ የት እንዳለ እዩ፤ ያ ብረት ቁልፍ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ያን ሌሊት ተረኛ አይደለም። በገመድ አስራችሁ እዚያው ሲሊንደሩ ላይ አንጠልጥሉት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ አገራችን ሲገኝ፣ ቆይቶም ባሕር ዳር ለ14 ቀን ስትዘጋ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቬንቲሌተር፣ ስለ መተንፈሻ ማሽን ነበር። እኔ ግን ሰው በሳንባ በሽታ ታፍኖ ሲመጣ ደጋግሜ ያየሁት እጥረት ተራ ኦክስጅን፣ ተራ ቱቦና በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ነው። ሚኒባስ ተገልብጦ አሥራ አምስት ሰው አንዴ ሲመጣም የሚያተርፋችሁ አስቀድሞ የተባለ ነገር ነው፤ ማን በር ላይ ቆሞ ከከባዱ እስከ ቀላሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለ ይለያል፣ ማን ደም ባንክ ይደውላል፣ ማን ቤተሰቡን ያረጋጋል። ብዙ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው ነው፤ ዝም ያለውን ቀድማችሁ እዩ።

ሐይቁን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ደቅ ደሴት ላይ ምጥ የጠናባት እናት ካለች ጀልባው፣ ነዳጁና ጀልባ ነጂው ቀድመው ካልታሰቡ ሪፈር የምትለው ወረቀት ምንም አትሠራም። ስለዚህ መውለጃዋ የተቃረበ እናት ሁሉ ዘጠኝ ወሯ ሳያልቅ ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለ ማረፊያ ገብታ እንድትቆይ መለመን፣ ባሏንም አማቷንም ማሳመን፣ የድንገተኛ ሕክምና ዋና አካል ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማን ሁላችሁም በስም ታውቋቸዋላችሁ። በ1956 ዓ.ም. ገደማ አድዋ ላይ በልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው እሱው ቀንድ አውጣ ነበርና ከዚያ ትልቅ ምርምር ወጣ። ሌላው ሰው የሚያልፈውን ልብስ ማጠቢያ እሳቸው ቆመው አዩት። እኛም ጣናና ዓባይ ዳር ስለምንኖር በልሃርዝያ የሩቅ በሽታ አይደለም፤ የሚዋኙትን ልጆች ጠይቁ፣ ልብስ የሚያጥቡትን እናቶች ጠይቁ፣ ዓሣ አጥማጁን ጠይቁ።

ስለ ገንዘብ ሳላነሣ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። ይህ ሥራ ሀብታም አያደርግም። የሚያጓጓው አበል ነው፣ እሱም ወጥመድ አለው። ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው ስትሉ ዓመቱ ያልቃል፤ የምትከታተሉት ወረዳ ግን አንድ ጊዜ አላያችሁም። አበል መቀበል ኃጢአት አይደለም፤ ቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ የእናት መድኃኒት አለ። ብቻ ከስብሰባ ይልቅ ጤና ኬላ የምታድሩበት ቀን እንዲበልጥ አድርጉ። ክሊኒክ ሥራችሁንም ጨርሳችሁ አትተዉት፤ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በሽተኛ እዩ። በሽተኛ የማያይ ሐኪም ቁጥሩ ሰው መሆኑን ይረሳል። ስፔሻላይዝ የምታደርጉም አድርጉ፣ አገር ሕፃናት ሐኪምም ቀዶ ጥገና ሐኪምም ያስፈልጋታል። ስትጨርሱ ግን የዎርዳችሁን መዝገብ በየወሩ ከፍታችሁ አንብቡ።

መንገድ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት፣ አጎበርና መድኃኒት በጊዜ ያልደረሰበት ዓመት ምን እንደሚያመጣ ዓይናችን እያየ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓውያን 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኛ፣ 1157 ሞትም ተመዝግቧል። ይህ የተመዘገበው ነው። ሪፖርቱ የማይመጣበት ቀበሌ ሲኖር ዜሮ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በእግር የሚመጣ ነጋዴም ቢሆን፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሄደ ሰውም ቢሆን ፈልጋችሁ «እናንተ ጋ ሰው እንዴት ነው?» በሉት።

የእኛ አገር ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴ የእናንተ ናቸው። የተመደባችሁበት ወረዳ ሂዱና የአምስት ዓመቱን ቁጥር አውጡ፣ መስመሩን አስምሩ፣ ኮምፒውተር ከሌለ በእርሳስ ይሁን። የወባ ፈጣን መመርመሪያውን፣ መድኃኒቶቹን ኮአርተሙንና ክሎሮኪኑን ቁጠሩ። የእያንዳንዷን ጤና ኬላ ሠራተኛ ስልክ በስሟ መዝግቡ፣ አንድ በአንድ ደውሉና ማን እንደሆናችሁ ንገሯቸው፤ ምን እንደጎደላቸውም በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁ።